ስለማይነጥፈው ምንጭ ያቀረብኩት ጥናት

ጥናት ሲያቀርቡ የሚያስፈራው ጥያቄው ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። የሚያስፈራው ጭብጨባው ነው። ጥያቄ የጠየቀህ ሰው ቢያንስ ሰምቶሃል፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ አላመነህም። የሚያጨበጭብልህ ሰው ግን ሰምቶህ ይሁን የሻይ ሰዓት ደርሶለት አታውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰምቶህ፣ አምኖህ፣ የተናገርከውን ሥራ ላይ ሊያውል ከወንበሩ የተነሣ እንደሆነ ነው።

የማስተምረው ሶሺዮሎጂ ነው። ሰው የሚያውቀኝ ግን በማስተማሬ ሳይሆን በየጊዜው በምጽፋቸው መጣጥፎች ነው፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ ሌላው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ለማፍረስ የሚጻፉ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የሚያዘጋጀውን የምርምር ቀን ለረጅም ጊዜ ስቀልድበት ኖሬያለሁ። ባነሩ ከጥናቶቹ ይበልጣል እል ነበር። መሪ ቃሉ ሁልጊዜ ስለ ማኅበረሰቡ ነው፤ ማኅበረሰቡ ግን የሚወከለው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው በማያውቁት ቋንቋ የሚነገረውን በትዕግሥት በሚያዳምጡ አንድ ሁለት ካህናትና ሽማግሌዎች ነው። ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ሰውም ስቆልኛል።

አንድ ዓመት የክፍላችን ኃላፊ ቢሮዬ መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ታንሳለች፤ ትሕትናዋ ደግሞ ቢላዋ ነው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር ለምን አያስገቡም?»

«እኔ? የት?»

«ምርምር ቀን ላይ ነዋ። ሲተቹ አይተናል። ሲሠሩ ደግሞ እንይዎት ብለን ነው።»

ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። በማግስቱ ርዕስ መፈለግ ጀመርኩ።

ርዕሱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከደባት በታች፣ መሬቱ ወደ ቆላው መውረድ በሚጀምርበት በኩል እናቴ የተወለደችበት መንደር አለ። የእናቴ ታናሽ እህት እስከዛሬ እዚያው ናት። መንደሩ የሚቀዳው ከአንዲት ምንጭ ነው። ከምንጯ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ገደል ውስጥ ደግሞ ጠበል አለ። ጠበሉ ለምእመናን መጠመቂያና ለታማሚ መጠጫ ነው፤ ለወጥና ለልብስ አይነካም። በዚያ ሰሞን ለአካባቢው የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ነው፣ የማን መንደር እንደሚቀድም ግን ገና አልተወሰነም የሚል ወሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ርዕሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ለእናቴ መንደር እንዲደርሰው ፈልጌ ነበር። ይህን ግን አብስትራክት በሚባለው የጥናቱ አጭር መግለጫ ላይ አይጽፉትም፤ አብስትራክት ላይ የሚጻፈው «ዓመቱን ሙሉ ያለውን የውሃ አቅርቦት ለመዳሰስ» ተብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ።

መጠይቄን ይዤ የወረድኩት ኅዳር ላይ፣ በማርያም ቀን ነው። ቀኑን የመረጥኩት ሴቶቹን ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ቦታ ስለማገኛቸው ነበር፤ በብልሃቴም ረክቼ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔ በቀጥታ ወደ አባ ሄድኩ። አባ የደብሩ አስተዳዳሪ ብቻ አይደሉም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ የንስሐ አባት ናቸው። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ እነዚህን እናቶች ስለ ውሃ ጥቂት ልጠይቅ ነው። ይባርኩልኝ።»

«እግዚአብሔር ይባርክልህ። ጠይቅ።» ይህን ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ሊሄዱ ተነሡ።

ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። «የለም አባ፣ እርስዎ ባሉበት ይሁን» አልኩ፤ በርጩማ አስመጥቼ ከአጠገቤ አኖርኩላቸው። ካህን ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ካህን ከሄደ በኋላ የንስሐ ልጆቻቸውን እኔ ልመርምር? እንዲህ ያለ ነገር አልተማርኩም። ከአዲስ አበባ የመጣ አጥኚ ይህን ስህተት አይሠራም፤ የሚያሠራ አስተዳደግ የለውም። ፈረንጅም አይሠራውም። ይህ ስህተት እንደ እኔ ባለ፣ በደንብ ባደገ የአገር ልጅ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ፊታችን ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው መጀመሪያ አባን ያያሉ፤ ቀጥለው እኔን።

«በበጋ ውሃ የምትቀጂው ከየት ነው?»

«ከምንጩ ነዋ።»

«ይበቃችኋል?»

«ተመስገን።»

«ምንጩ የሚነጥፍበት ጊዜ የለም?»

«ምን በወጣው።»

ከኋላዋ የመጣችውም እንዲሁ አለች። ከእሷ ኋላ የመጣችውም። አባ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬቱን ይመለከታሉ። አክስቴ ተራዋ ሲደርስ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰማችና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እንዲያው ምን እልሃለሁ፣ አንተው ታውቀዋለህ» አለች። ይህ በመጠይቁ ላይ ሳጥን የለውም። ከፊቷ ያሉት ሁሉ ይበቃል ስላሉ እኔም «ይበቃል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼን የማስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠህ መልሱን ተወውና ጥያቄህን መርምር እላቸዋለሁ። በጥናቴ ላይ ግን «መላሾቹ ከፍተኛ ስምምነት አሳይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። የጓጓሁለት ውጤት እንዳልሆነ አልክድም። ለመንደሩ የሚጠቅም ነገር ይገኛል ብዬ ሄጄ ተቃራኒውን ይዤ መመለሴ ለጥቂት ቀን ከንክኖኛል። ከዚያ ግን ከዚህ የባሰ ስሜት መጣብኝ፤ ኩራት። ለዘመዶቹ ሲል እውነትን የማያጣምም ሰው ሆኜ ራሴን አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሁለት ሳጥን ያዛንፍ ነበር፣ እኔ ግን አላደረግኩትም እያልኩ ለራሴ አወራሁ።

አብስትራክቱን አስገባሁ፤ ገምጋሚዎቹም ተቀበሉት። አንደኛው የገጹን ጠርዝ እንዳስተካክል አዘዘኝ። ሁለተኛው ጥናቱ የሃይማኖት አባትን በማሳተፉ ለሌሎች አርአያ የሚሆን ነው ብሎ ጻፈ። ይህን አስተያየት ለክፍል ኃላፊዋ አሳየኋት።

«አላልኩም ጋሼ?» አለችኝ።

ጉባኤው ግንቦት ላይ ነበር። ለዝግጅቱ ደባርቅ ላይ አንድ አዳራሽ ተከራይተው ነበርና ጠዋት እዚያ ስደርስ ነፋሱ ባነሩን ከአንድ ጎኑ ገንጥሎ እንደ ሸራ እያርገበገበው፣ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ቆመው ይታገሉታል። አዳራሹ ውስጥ ብርዱ ከውጭው ይብሳል። ወንበሮቹ መሐል ስሄድ ከኋለኛው ረድፍ ጥግ ላይ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች ሴት አየሁ። አክስቴ ናት።

«እቴቴ! እንዴት መጣሽ?»

«በመኪና ነዋ። ልጄ እዚህ አይደል የሚሠራው፣ ስለ ውሃው ልትናገር ነው አለኝ። ልስማው ብዬ መጣሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስለ ጉድጓዱ ነው አይደል?»

«ስለ ውሃው ነው እንጂ።»

«ያው ነው» አለች፤ የነጠላዋን ጫፍ አስተካክላ ወደ መድረኩ ዞረች።

ያቀረብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ በዚህ ደንብ ላይም አንድ ጊዜ መጣጥፍ ጽፌበታለሁ። አክስቴ አንድ ቃል እንደማይገባት እያወቅሁ ስናገር ቆየሁ። ወደ መሐል ላይ የምንጩ ፎቶግራፍ ያለበት ስላይድ መጣ። ኅዳር ላይ ያነሣሁት ነው፤ ምንጩ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ከዳር ጎንበስ ብላ ጀሪካን የምትሞላው ደግሞ አክስቴ ናት። ሳያት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ነካ አድርጋ ወደ ግድግዳው ጠቆመቻት። ደስ ብሏታል። ያ ሥዕል ለጉድጓዱ የሚናገር መስሏታል።

ስጨርስ መድረክ መሪው ጥያቄ ያለው ካለ አለ። ማንም እጁን አላነሣም። ጭብጨባው ቀለጠ፤ አክስቴም ከሁሉ አስበልጣ አጨበጨበች። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ተነሣ። የጉድጓዱ ቁፋሮ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ ነው፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለ ሰው። እንደ እድል ሆኖ የተናገረው በአማርኛ ነው። ወይም እንደ እድል ሳይሆን።

«ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛ ሁልጊዜ የምንቸገረው ማንን እናስቀድም በሚለው ነው። መቆፈሪያው አንድ ነው፣ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ። ይህንን መንደር ከፊት አድርገነው ነበር። አሁን በጥናት እንዳየነው ምንጫቸው ዓመቱን ሙሉ አይነጥፍም። እንግዲህ ተራቸውን በእውነት ለተጠሙት ይለቅቃሉ ማለት ነው። ጃናሞራ ውስጥ የባሰባቸው አሉ፤ ወደዚያ እናዞረዋለን።»

አመሰገንኩት። አፌን ሞልቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩት። እንደገና ተጨበጨበ። ወደ ኋላ ስመለከት አክስቴ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ ተቀምጣለች።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የምርጥ አቅራቢነት ሰርተፍኬት ተሰጠኝ። በመስታወት ውስጥ የገባ ስለሆነ አይታጠፍም፤ ለሻይ ስንወጣ በብብቴ ይዤው ወጣሁ። አክስቴ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ነፋሱን በሚከልሉበት በኩል ቆማለች። የተሰጣትን ለስላሳ ሳትከፍት ይዛዋለች።

«ሰውየው ምን አለ?»

«የትኛው?»

«ያ ኮት የለበሰው። ተራቸውን ይለቅቃሉ ያለው ስለማን ነው?»

«ስለ እናንተ ነው እቴቴ። ውሃ አላችሁ ተብሎ ነው።»

«ማን አለ?»

«እናንተ ናችኋ ያላችሁት። አንቺም አይበቃም አላልሽም።»

«አላልኩም። አባን ጉያህ አስቀምጠህ ምን ልበልህ ኖሯል?»

ግራና ቀኝ ቃኘችና ወደ እኔ ጠጋ አለች። የካቲት ሲገባ ምንጩ ጭቃ ይሆናል አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ክረምት መንደሩ የሚቀዳው ከጠበሉ ነው።

«ለመጠጥ?»

«ለመጠጡ፣ ለወጡ፣ ለጠላው። ለልብሱም። ለአህያዋስ ማን ይሰጣታል?»

«አባ አይከለክሏችሁም?»

«ለታማሚ ነው እንላቸዋለን።»

«ታማሚው ማነው?»

«እኛ ቤት እኔ ነኝ። ወገቤን ነው የሚያመኝ። አንዳንዴ ደግሞ እግሬን እላለሁ፣ እንዳይሰለቻቸው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህችን ይዤ መጣጥፍ እጽፍባት ነበር። ያኔ ግን ፊቷ ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት አልነበረችም።

«ታዲያ ያን ዕለት ለብቻዬ ጠርተሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን?» አለች፤ ገርሟት ነው። «ፈረንጅ ብትሆን ኖሮ ዞር አድርጌ እነግርህ ነበር። ያገር ልጅ ነው፣ ይገባዋል ብለን እኮ ነው። አንተው ታውቀዋለህ አልኩህ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ተደርጎ ይነገራል?»

ሁሉም ሴቶች እንዲህ አስበው ነበር። ለአባ የሚባለውን ለአባ ብለው፣ ለእኔ የሚሆነውን ደግሞ በዓይናቸው ብለውኝ፣ እኔ የእነሱ ልጅ ስለሆንኩ ከሁለቱ የትኛውን እንደምጽፍ አውቃለሁ ብለው አምነው ቤታቸው ገብተዋል። ኅዳርን በሙሉ፣ በጋውን በሙሉ ጉድጓድ ሲጠብቁ ከርመዋል። እኔ የጻፍኩት ለአባ የተባለውን ነው።

«ምራቴ ወሯ ገብቷል» አለች አክስቴ። «ያ የጠበሉ ገደል ለባዶ ሰውም ያዳልጣል። እኔ አልወርድላት ነገር ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ዘንድሮ ጉድጓዱ ይደርስላታል ብዬ ነበር።»

«ሄጄ አስተካክለዋለሁ እቴቴ። ዛሬውኑ።»

«ምን ብለህ?»

ሰርተፍኬቱን ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

«የእኔ አክስት ልብሷን በጠበል ታጥባለች ብለህ? እዚያ ሁሉ ሰው መሐል?» የለስላሳውን ጠርሙስ እጄ ላይ አኖረችው። «ኧረ እንዳትለው። ከዚህስ ጥሙ ይሻለኛል።»

የመጨረሻው መኪና ሳያመልጣት ብላ ሄደች። ጠርሙሱን በአንድ እጄ፣ ሰርተፍኬቱን በሌላ እጄ ይዤ ቀረሁ።

በማግስቱ ጥናቱን ለመሳብ ወደ አስተባባሪው ሄድኩ። ትጉህ ወጣት ነው፤ ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ዶክተር፣ እንኳን ደስ አለዎት።»

«ጥናቱን ልስብ ነው የመጣሁት።»

«ሸልመንዎት?»

«መረጃው ትክክል አይደለም።»

«የትኛው መረጃ?»

«መልሶቹ።»

ሰውነቱን ወደ ኋላ አደረገ። «መላሾቹ ዋሽተዋል ነው የሚሉኝ?»

አዎ ማለት አቃተኝ። አዎ ካልኩ ለምን ይለኛል። ለምን እንደሆነ ከነገርኩት ደግሞ ይጽፈዋል፤ ሥራው ነው። የአክስቴ ገበና በአንድ ፋይል ውስጥ ገብቶ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ መንደሩ ድረስ ይመለሳል። «አይ፣ እንደሱ አይደለም» አልኩ። በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ የምለውን አውቃለሁ።

«ገባኝ» አለ ልጁ፤ ፊቱ በራ። «ራስዎ ላይ ጨከኑ። እንደዚህ ነው እኮ ትልቅ ሰው። እንዲያ ከሆነ የጥናቱ ውስንነት የሚለው ሥር አንድ አንቀጽ ይጨምሩበት።»

«ምን ብዬ?»

«የጊዜ እጥረት ይበሉ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው።»

ኮት ለባሹ ጋም ደወልኩ። አንድ ጊዜ ሄዶ ምንጩን በዓይኑ እንዲያይ ለመንኩት። በጨዋነት አዳመጠኝና፣ «ዶክተር፣ በእርስዎ ጥናት የተረጋገጠን ነገር እኔ በምን ላፍርሰው? የሚቃረን ጥናት ካለ ያምጡልኝ» አለኝ። ትክክል ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። የሚቃረን ጥናት እንዳመጣ ግን ሴቶቹን እንደገና ማስቀመጥ፣ የሚሉትንም በስማቸው ሥር መጻፍ ነበረብኝ።

የቀረኝ አባ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ቢያውቁና ቢፈቅዱ፣ ሴቶቹ የሚያፍሩበት ነገር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። በዚያው ሳምንት እስከ ደባት በሚኒባስ ሄጄ ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። መጀመሪያ ምንጩን አየሁት። ፎቶግራፌ ላይ ውሃ ሲፈስስበት የነበረው ቦታ የከብት ኮቴ የታተመበት ጭቃ ነው፤ ጭቃውም ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። ለማየት የፈጀብኝ ጊዜ ጫማዬን ለመጥረግ ከፈጀብኝ ያነሰ ነው።

አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ያን ዕለት ከተቀመጥንበት ዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ተሸለመ አሉኝ።»

«ስለ እሱ ነው የመጣሁት። ስለ ጠበሉ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

«አትንገረኝ።»

«ሳልጀምር?»

«ሳትጀምር ነው እንጂ። ከጀመርክማ ምን ዋጋ አለው?»

አጠገባቸው እንድቀመጥ በመቋሚያቸው አመለከቱኝ። እንደ ሌላ ወሬ አድርገው ማውራት ጀመሩ።

«ልጄ፣ በዚህ ደብር ሳለሁ ነው ጸጉሬ የነጣው። የካቲት ከገባ ወዲህ በዚህ መንደር ታማሚ የሌለበት ቤት የለም። አንዱን ወገቡን ነው፣ አንዱን ሆዱን ነው። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጥል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይድናል። እንዲህ ያለ ገቢረ ተአምር በሌላ ደብር ሲደረግ አልሰማሁም።»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

«ካልነገሩኝ አላወቅሁም» አሉ። «ከነገሩኝ ግን መከልከል አለብኝ፤ ሥርዓት ነው። ከከለከልኳቸው ደግሞ ምን ሊጠጡ ነው?»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልሄዱም አባ?»

«ልሄድ ተነሥቼ አልነበር? ማን አስቀመጠኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። ስለ አክብሮት፣ ካህን ቆሞ እኔ ልቀመጥ ስለማለቴ አንድ ነገር አጉተመተምኩ።

«አውቃለሁ። አክባሪ ልጅ ነህ። እናትህ ደህና አድርጋ ነው ያሳደገችህ። ያን ዕለት ግን ጥቂት ባለጌ ብትሆንልኝ ደስ ባለኝ።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ መጣጥፍ የሚጽፍ ሰው ስድብ ቀለቡ ነው። እንዲህ ተመስግኜ ግን አላውቅም።

ከዚያ እንዳልነግራቸው የከለከሉኝን ነገር፣ አሁን እናንተ እንደምታነቡት አድርጌ ልጽፈው እችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስም ካልጠራህ ያልሰማሁት ነው» አሉኝ። «ከዚህ እስከ ሊማሊሞ ደብር የሌለው መንደር የለም። ጠበል የሌለውም ደብር ብዙ አይደለም። ማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል?»

ተሰናብቼ ወደ ላይ ስወጣ በገደሉ መንገድ አንዲት ሴት ስትመጣ አየሁ። ቢጫ ጀሪካን ጀርባዋ ላይ በገመድ አስራለች፤ ሆዷ ስለገፋ ጎንበስ ማለት አልቻለችም፣ በጎኗ ነው የምትወጣው፤ በየጊዜው ድንጋዩን በእጇ እየያዘች ትቆማለች። የአክስቴ ምራት ናት። በሠርጓ ላይ ተገኝቻለሁ። ላግዛት ወደ እሷ ወረድ አልኩ። እኔን ስታይ ቀና ልትል ሞከረች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ምንም ሳልጠይቃት፣

«ለታማሚ ነው» አለችኝ።

ጀሪካኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። «የለም፣ ይተዉት ጋሼ፣ ቀላል ነው» ብላ ወደ ዳር ቆመችልኝና መንገዱን ለቀቀችልኝ። እኔም እንደ አባ፣ ለታማሚ ነው ተብሎ ከሚነገራቸው ሰዎች አንዱ ሆኛለሁ። «እግዚአብሔር ይማርልሽ» አልኩና አለፍኳት።

መቆፈሪያው ጃናሞራ ገብቷል። አልከፋኝም፤ እዚያም የሚጠጣ ሰው ነው ያለው። አክስቴ አሁንም ስትደውልልኝ ስለ ልጆቼ ጠይቃ፣ ስለ ከብቶቿ ነግራኝ ትዘጋለች። ስለ ውሃ አታነሣም፤ እንግዳ የሆንኩባት ይመስለኛል። ምራቷ በሰላም ተገላግላለች፤ በተገላገለች በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ሲነሣ ተጠርቼ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሰርተፍኬቱ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ከምናስቀምጥበት ሳጥን ኋላ ነው፤ ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ ልትሰቅለው ሞክራ ነበር።

ጥናቱ ግን ከሳጥን ኋላ አልገባም። በጉባኤው ጥራዝ ታትሞ ወጥቷል፤ የጊዜ እጥረት የምትለውም አንቀጽ አለችበት። ባለፈው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ፤ በአካባቢው ያሉ ምንጮች ዓመቱን ሙሉ እንደማይነጥፉ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከእኔ ወስዶ፣ ስሜንና ዓመቱን በቅንፍ አስቀምጦ። «በጣም ነው የጠቀመኝ ዶክተር» ይላል መልእክቱ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከእሱ ደግሞ ሌላው ይወስዳል፤ ከዚያ እኔ ብሞትም ምንጩ አይነጥፍም።

ስለዚህ እናንተን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥራዙ በእጃችሁ ካለ የእኔን ጥናት አትጥቀሱት፤ ተማሪዎቻችሁንም አታስጠቅሱ። የመቆፈሪያው ተራ በእጃችሁ ያለ ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ከደባት በታች ውረዱ። መጠይቅ አትያዙ፣ እኔንም አታስከትሉ፣ ማንንም ምንም አትጠይቁ። ምንጩን አይታችሁ ተመለሱ።